ከብረትና ከብረት መካከል

የኖፓን ላንድሮቨር ሰው ከማየቱ በፊት ይሰማታል። ገና ከመታጠፊያው ወዲያ ሳለች፣ ሞተሯ ሳይሆን ሆዷ ነው የሚናገረው፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጉድጓድ ስትገባ አንድ ኳ፣ ከጉድጓዱ ስትወጣ ሌላ ኳ፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ከሁለቱ የባሰ ሦስተኛ። እኛ፣ ሦስት የአንድ ዶርም ልጆች፣ ይህን ኳኳታ ዝም ለማሰኘት አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅተናል። አንባቢ ሆይ፣ «በግጥምና በአጭር ልቦለድ ገጽ ላይ የመኪና ላስቲክን ምን ዶለው?» ብለህ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩል። ነገሩ የላስቲክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አናስፈጅም ነበር። ውስጡ ውሸት አለበት፤ ዕርቅም አለበት።

መኪናዋ የጋሼ ናት። ጋሼ ከሦስታችን የአንዱ አጎት ናቸው፤ ሁለታችንም ደግሞ እንጀራቸውን ከበላን ወዲህ አጎታችን አድርገናቸዋል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው በሠፈራ ወደ ኢሉባቦር ከመጡት ሰዎች አንዱ ናቸው። ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። ዝናቡን ለመዱ፣ ጫካውን ለመዱ፣ ኦሮምኛውን ለመዱ፣ ከኖፓም አገቡ። ባለቤታቸውን አዴ እንላቸዋለን። ውለው አድረው ጋሼ መንጃ ፈቃድ አወጡና ላንድሮቨሯን ከመንግሥት ሐራጅ ገዟት። ከዚያ ወዲህ ይህች መኪና ያልተሸከመችው የለም፤ ጀንፈል ቡና፣ ማር፣ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ አስከሬን፣ አንድ ጊዜም የፈተና ወረቀት ከነጠባቂ ፖሊሱ።

አሁን ጋሼ አይነዱም። ግላኮማ የሚሉት በሽታ ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶባቸዋል። አዴም ስኳር አለባቸው፤ በየወሩ መቱ ሄደው መታየት አለባቸው። ወገባቸውም ከድሮ ጀምሮ ደኅና አይደለም። በበጋ እንኳ ምን ችግር አለ፣ የተገኘው ሁሉ ያደርሳል። ክረምት ሲገባ ግን የኛ አገር ቀይ ጭቃ ባጃጅን ከነሾፌሩ ይውጣል፤ ሚኒባሱም ሲመቸው ነው የሚመጣው። ስለዚህ የቀረችው ላንድሮቨሯ ናት። እሷ ደግሞ በየጉድጓዱ ኳ ባለች ቁጥር አዴ «ኡፍ» ይላሉ። እኛ ከፊት ሆነን ኳውንም ኡፉንም እንሰማለን።

ብረት በኪሎ የሚገዛ ነጋዴ መጥቶ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ዋጋ ነግሮ ሄዷል። ጋሼ ጠሩንና እንዲህ አሉን። «እስከ መስቀል ዝም ካለች ትኑር። ዝም ካላለች ግን ትሂድ። ሰው እያንገላታች የምትኖር መኪና አልፈልግም።» ከዚያም የሦስት ፈረሱላ ጀንፈል ሽያጭ ቆጥረው ሰጡን። «አብሽሩ፣ ትችሉታላችሁ» አሉ። ዓይናቸው የማያይ ሰው ብር ቆጥሮ ሲሰጥህ እንዴት እንደሚቆጥር አይተህ ታውቃለህ? እያንዳንዷን ኖት በአውራ ጣቱ ጠርዝ ጠርዟን ነው የሚዳስሳት። ይህን ነገር አስታውስልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ የመሰለን አሞርዛተሩ ነው። ያንኳኳ መኪና ሁሉ አሞርዛተሩ የሞተ ይመስለናል፤ ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ ወባ እንደሚመስለው ማለት ነው። መቱ ያለ አንድ መካኒክ ግን ከሥሯ ገብቶ ረጅም ብረት በባሌስትራውና በሻንሲው መካከል ሰክቶ ወዘወዘው። የባሌስትራው ጫፍ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ተወዛወዘ። «ቡሽ ጨርሳለች» አለን። እኛ ደግሞ እስከዚያች ቀን ድረስ ቡሽ ሲባል የጠርሙስ ቡሽ እንጂ ሌላ አናውቅም ነበር።

ቡሽ ማለት እንዲህ ነው። ሁለት የብረት ቱቦዎች አሉ፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ጠባቡ ሰፊው ውስጥ ይገባል፤ በመካከላቸው ላስቲክ አለ። ላስቲኩ እንዲያው የተሰካ አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ከሁለቱም ብረቶች ጋር ተጣብቋል። ሰፊው ቱቦ በባሌስትራው የተጠቀለለ ጫፍ ውስጥ ተገፍቶ ይገባል፣ በጠባቡ ውስጥ ቡሎኑ ያልፋል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ባሌስትራው ይጎብጣል ወይም ይዘረጋል፤ ጫፉም ዞር ይላል። በዚህ ጊዜ ብረት በብረት ላይ አይሽከረከርም። የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው፤ ተጠማዞ ይመለሳል። ስለዚህ ግሪስ አይፈልግም። እንዲያውም ዘይትና ግሪስ የተፈጥሮ ላስቲክ ጠላቶች ናቸው፤ ያሳብጡታል፣ ያልፈሰፍሱታል። አህያ ስትጫን ከጭነቱ በታች ጀርባዋ ላይ የሚጣለውን ድሪቶ አስብ። ጭነቱን የሚሸከመው ድሪቶው አይደለም፤ ነገር ግን ድሪቶው ከሌለ ጀርባዋ ይላጣል።

ላንድሮቨሯ አራት ባሌስትራ አላት። በእያንዳንዱ ባሌስትራ ሁለት ጫፍ ሁለት ቡሽ፣ ባሌስትራው በጥንድ ብረት በሚንጠለጠልበት በኩል ደግሞ ሻንሲው ውስጥ አንድ፤ ሦስት። ሦስት በአራት አሥራ ሁለት። የመኪናዋ ኑሮ ሁሉ ያለው በነዚህ አሥራ ሁለት ላስቲኮች ላይ ነው።

ስለ መኪናዋም ትንሽ እንበል፤ ኋላ ለምርጫው ይጠቅመናልና። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለነበረ ገላዋን ከአሉሚኒየም ሠሩት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ለዚህ ነው ዛሬም በየመንደሩ ስትታይ ቆዳዋ ያልተሸበሸበ አሮጊት የምትመስለው። አጥንቷ፣ ማለት ሻንሲዋ፣ ግን ብረት ነው። ከላሜራ ተቆርጦ የተበየደ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ሳጥን ነው። ጭቃና ውኃ ይገባበትና እዚያው ይተኛል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከላይ ስትታይ ጤነኛ ናት፤ በሽታዋ ከውስጥ ነው። የጋሼ መኪና ሲሪስ 3 የሚሏት ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተሠራችው ዓይነት። በ1983 ሞላ ያላቸው ላንድሮቨሮች መጡ፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው ከባሌስትራዋ አልተለየችም።

«ታዲያ ለምን ሌላ መኪና አይገዙም?» የሚል አይጠፋም። ማን? በምን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኖፓ ገበሬ ያለችውን ጠግኖ ከማኖር ሌላ ምን ምርጫ አለው?

እንግዲህ ብሩን ይዘን አዲስ አበባ ወጣን። ከመቱ በሁሩሙ፣ በያዮ፣ በበደሌ አድርገን፣ ጫካውን ወደ ኋላ እየተውን፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ደረስን። ሶማሌ ተራን ያላየ ሰው መኪና ስንት ቦታ ተቆራርጣ ልትሸጥ እንደምትችል አያውቅም። አንዱ ሱቅ በር ብቻ፣ አንዱ መብራት ብቻ፣ አንዱ የተሰቀለ ካምቢዮ ብቻ፤ እንደ ሥጋ ቤት ነው። የላንድሮቨር ቡሽ ስንል አምስት ልጆች አምስት ቦታ ሊጎትቱን ሞከሩ።

እዚህ ላይ ነው ኃጢአታችን የሚጀምረው። አንድ ሱቅ ሁለት ዓይነት አወጣልን። አንዱ ውድ፣ አንዱ የውዱን ሢሶ የማያህል። «ሁለቱም ያው ነው፣ ሁለቱም ኦሪጅናል» አለን ሻጩ። እኛም ልናምነው ስለፈለግን አመንነው። ውሸታም ሻጭ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሊታለል የተዘጋጀ ገዢ ያስፈልገዋል። አሥራ ሁለት ርካሽ ቡሽ ገዛን፤ ብሩ ተረፈ። በተረፈው ብር አንዱ ጫማ ገዛ፣ አንዱ ያገለገለ መጽሐፍ ገዛ፣ ሦስታችንም አንድ ክትፎ ቤት ገባን። ክትፎው ጥሩ ነበር፤ ይህንንም አንክድም።

ኖፓ ተመልሰን ሥራ ጀመርን። በክሪክ አነሣናት፣ ግንድ ደገፍንባት፣ ጎማዎቹን ፈታን። ቡሎኖቹ ዝገው ከቱቦው ጋር አንድ ሆነዋል። ላምባ እያፈሰስን፣ በመዶሻ እየቀጠቀጥን፣ የባሌስትራዎቹን ስምንቱን አወጣን። ሻንሲው ውስጥ ያሉት አራቱ ግን እንቢ አሉ። ሁለት ሰዓት ታገልናቸውና «እነዚህ እንኳ ብዙም አይታዩም» ተባባልን። የማይታይ ነገር የማይሠራ የመሰለን ጊዜ ነበር። አሥራ ሁለት ገዝተን ስምንት ገጠምን። ቡሎኖቹን ባለ በሌለ ኃይላችን አጠበቅን፤ ጎማ አሰርን፤ አወረድናት።

ዝም አለች! እንዴት ያለ ዝምታ! አዴን መቱ ወስደን መለስን፤ አንዲት «ኡፍ» አልሰማንም። ጋሼ «ምን ዓይነቱን ገዛችሁ?» አሉ። «ኦሪጅናሉን» አልናቸው። «ተባረኩ» አሉን።

ዝምታው ሦስት ሳምንት ቆየ።

በአራተኛው ሳምንት ከኋላ በኩል አንዲት ትንሽ ኳ መጣች። ሬዲዮ ከፍተን ሸፈንናት። ቀጥሎ ሁለት ሆኑ። መሪው ወደ ግራ መሳብ ጀመረ፤ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስንይዝ የኋላዋ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፣ ቦዩን ለጥቂት ሳትነው። አዴ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ከኡፍ ይልቅ አስፈራን።

ቤት ስንደርስ ጋሼ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን ሆነች?» አሉ።

«ምንም ጋሼ፣ መንገዱ ነው። ጭቃው በጣም ብሷል።»

«እስቲ ወደ ፊት ሂዱና ወደ ኋላ መልሷት። ፍሬኑንም ያዙት።»

ሄድን፣ መለስን፣ ያዝን። ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። «ይህ የድሮው ኳኳታ አይደለም» አሉ። «የድሮው ብረት በብረት ነበር። ይህኛው መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ነው የሚመታው። በግራ ከኋላ።» ትንሽ ዝም ብለው ጠየቁን። «ቡሎኑን ስታጠብቁት ጎማዋ መሬት ነክቶ ነበር?»

ተያየን። «አይ… በክሪክ ላይ ነበረች» አልን።

«ታዲያ መንገዱን ለምን ትሰድቡታላችሁ?»

ጋሼ ያስረዱንን በራሳችን ቃል እንንገርህ። መኪና በክሪክ ስትነሣ ጎማዋ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ባሌስትራውም ይጎብጣል። በዚያ ሁኔታ ቡሎኑ ከጠበቀ የቡሹ ውስጠኛ ቱቦ እዚያው ይታሰራል። ላስቲኩም ያንን የተንጠለጠለ ቦታ እንደ ማረፊያው ይቆጥረዋል። መኪናዋ ስትወርድ ባሌስትራው ይዘረጋል፤ ላስቲኩ ግን ገና ሳይሄድ ተጠማዟል። ቆማም ተጠማዞ ነው የሚያድረው። በዚያ ላይ ጉድጓድ ሲጨመርበት ከአቅሙ በላይ ይሆናል፣ ይቀደዳል። አንገትህን ወደ አንድ ጎን አዙረህ አስረው ሌሊቱን ቢያሳድሩህና ጠዋት «በል ጭነት ተሸከም» ቢሉህ ምን ትሆናለህ?

«ኦሪጅናል ቢሆን እንኳ እንዲህ ከታሰረ ብዙ አይቆይም» አሉ ጋሼ። ከዚያ «ኦሪጅናል ነው አይደል ያላችሁኝ?» ሲሉ ጠየቁ።

ያን ጊዜ ነው ብር የቆጠሩበት አውራ ጣታቸው ትዝ ያለን። ሦስታችንም አንድ ላይ መናገር ጀመርን፤ ርካሹን መግዛታችንን፣ የሻንሲውን አራቱን መተዋችንን፣ ጫማውን፣ መጽሐፉን፣ ክትፎውን። አንዱ ጫማውን አውልቆ ሊያሳያቸው ሁሉ ቃጣው፤ እንደማያዩ ረስቶ። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙን። አዴ ከጓዳ ብቅ ብለው «ቡና ደርሷል» አሉ። ቡናው እስከ በረካው ተጠጣ፤ ስለ መኪናዋ አንድም ቃል ሳይነሣ። አንድ ሰው ቢጮኽብን ኖሮ ይሻለን ነበር።

ከበረካው በኋላ ጋሼ «በሉ እንግዲህ፣ አሁን እንምረጥ» አሉ።

ያን ቀን ማታ ነው ምርጫ ማለት ምን እንደሆነ የተማርነው። ያሉትን መንገዶች ሁሉ አንድ በአንድ አቀረብንላቸው።

አንደኛው ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው ነው። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ይደርሳል። ጋሼ በድሮ ዘመን በመለዋወጫ እጦት እሱን ገጥመው ነድተዋል። ነገር ግን የጎማ ላስቲክ ክር አለበት፣ ከብረት ጋር አልተጣበቀም። ስለዚህ መጠማዘዙን ትቶ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይታኘካል። የአንድ ወቅት ዕድሜ ነው ያለው።

ሁለተኛው ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ነው፤ ከነሐስ ወይም መካኒኮቹ ቴፍሎን ከሚሉት ጠንካራ ፕላስቲክ። ይህ አይቀደድም። ግን የሚሽከረከር ነገር ስለሆነ ነሐሱ ግሪስ ይፈልጋል፤ ጭቃ የሚዘጋበት ቆብም የለውም። በኛ አገር ጭቃና አሸዋ እየገባ እንደ ሞረድ ይበላዋል። በዚያ ላይ ደረቅ ነው፤ ዱላውን ሁሉ ተቀብሎ እንዳለ ያስተላልፋል።

ሦስተኛው ልባችንን የሰረቀው ነው። ፖሊዩሬቴን ይሉታል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 የፈለሰፉት ዓይነት ነገር ነው፤ ከላስቲክ ይጠነክራል፣ ዘይት አይነካውም፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ ስለሚመጣ ያለ ብዙ ትግል በእጅ ይገጠማል። ከመካከላችን የአንዱ ዘመድ ውጭ አገር ስላለች «ልላክላችሁ» ብላ ፎቶውን ልካልናለች። ደማቅ ቢጫ ነው! ፎቶውን ለጋሼ መግለጽ ስንጀምር «ቀለሙን ተዉትና ጥንካሬውን ንገሩኝ» አሉን።

አራተኛው መጀመሪያ የነበረው ነው፤ እውነተኛው፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀው ላስቲክ።

እኛ ሦስተኛውን አልን። የሚቆየው እሱ ነው፣ በዚያ ላይ በነፃ ነው። ጋሼ አልተቃወሙንም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን። «መጀመሪያ ምን እንዲሰበር ትፈልጋላችሁ?»

«ምንም!» አልን።

«እንዲህ ያለ መኪና የለም» አሉ። «በዚህ መንገድ ላይ አንድ ነገር ይሰበራል። ላስቲኩ ከጠነከረ ዱላው ወዴት ይሄዳል? ባሌስትራው ላይ። ባሌስትራው ከቻለው ሻንሲው ላይ፤ ሻንሲዋ ደግሞ ከውስጥ ተበልቷል፣ እኔ በጣቴ አውቀዋለሁ። ሻንሲውም ከቻለው…» ወደ ጓዳው በአገጫቸው አመለከቱ። «እሷ ወገብ ላይ።»

ዝም አልን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምርጫ ማለት ጠንካራውን መፈለግ ይመስለን ነበር። በዩኒቨርሲቲያችንም የተማርነው ይኸው ነው፤ የማይሰበረውን አድንቁ። ለካስ ከብረትና ከብረት መካከል የሚቀመጥ ነገር ሥራው መሸነፍ ነው። ተሸንፎ መመለስ። ሲያልቅበት ደግሞ ራሱ ማለቅ፤ በርካሽ፣ በሚተካ ቦታ፣ ሌላውን ሳያጠፋ። ቢጫው ነገር ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። አስፋልት ላይ ለሚፈጥን፣ ሻንሲው ጤነኛ ለሆነ፣ ዘይት ለሚያንጠባጥብበት ሰው ምናልባት ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ለኖፓ መንገድ፣ ለበሰበሰ ሻንሲና ለአዴ ወገብ ግን ላስቲክ።

አንዱ ስልኩን ሸጠ። አንዱ የክረምት ተማሪዎች አስጠንቶ አገኘ። ባለ ጫማው ጫማውን ሊሸጥ ቢሞክር የሚገዛው ስላጣ ከወንድሙ ተበደረ። እንደገና አዲስ አበባ። በነገራችን ላይ፣ በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፣ የዚህ አገር ቡና በጎሬ በኩል ወደ ባሮ ወርዶ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። ከቡናው፣ ከሰሙና ከቆዳው ጋር ከጫካ የተለቀመ ላስቲክም ይወርድ ነበር። የጫካችን ላስቲክ በወንዝ ወረደ፤ እኛ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ላስቲክ ፍለጋ ለሁለተኛ ጊዜ መርካቶ ወጣን። ሳቅንም፣ አዘንንም።

በዚህኛው ጊዜ ግን እንደ ዳኛ ነበር የገባነው። ጋሼ ያዘዙንን እንንገርህ፤ አንድ ቀን ይጠቅምህ ይሆናል። አሮጌውን ቡሽ ይዘህ ሂድ፣ በካሊፐር ለካ፤ እንዲህ ያለች መኪና በዕድሜዋ ስንት ዓይነት ባሌስትራ እንደቀየረች አይታወቅምና ፊትና ኋላውን ለየብቻ ለካ። ውስጠኛው ቱቦ ከውጪኛው ትንሽ ረዘም ያለ መሆን አለበት፤ ቡሎኑ የሚያስረው እሱን ነውና። ውስጠኛውን ይዘህ ለማዞር ሞክር። ከዞረልህ አልተጣበቀም፣ አትግዛው፤ ታግሎህ ከተመለሰ እውነተኛ ነው። የላስቲኩን ጠርዝ በጥፍርህ ጫን በልና ተመልከት፤ ጥቃቅን ስንጥቅ ካለው ከነካርቶኑ አርጅቷል። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ ሙቀትና ፀሐይ ይበቁታል። መስኮት ላይ የተደረደረ ቡሽ አትግዛ።

ስድስት ሱቅ ዞርን። ሰባተኛው ውስጥ አንድ አዛውንት ሻጭ ቡሹን በእጃችን ስናዞር አይተው «ማነው ያስተማራችሁ?» አሉን። «አጎታችን» አልን፤ ሦስታችንም በአንድ አፍ። አሥራ አራት ገዛን።

የሻንሲው አራት አሮጌ ቡሾች ሁለት ቀን ፈጁብን። ላስቲኩን በእሳት አቃጠልን፤ ሽታው ጎረቤት ሁሉ አስወጣ። የቀረውን የውጪ ቱቦ በሴጌቶ ከውስጥ በኩል ሻንሲውን ሳንነካ ሰነጠቅነው፣ ከዚያ በመሮ አጠፍነውና ወጣ። ጋሼ በርጩማ አስወጥተው አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። የሴጌቶው ድምፅ ሲለወጥ «በቃ፣ ቱቦው አልቋል፣ ሻንሲ እየነካችሁ ነው» ይላሉ። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

ሁሉም ሲገባ ቡሎኖቹን ለቀቅ አድርገን አወረድናት። ጎማዋ መሬት ነካ። ሦስት ጆንያ በቆሎ ጫንን፣ የሠፈሩን ልጆች ደግሞ ኋላዋ ላይ አሳፈርን። ላይ ታች ላይ ታች አወዛወዝናት፤ ልጆቹ ጮኹ፤ ባሌስትራዋ ቦታውን እስኪይዝ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ከነሸክሟ፣ ከነልጆቹ፣ ከሥሯ ገብተን አንድ በአንድ ያጠበቅነው።

መስቀል ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው አዴን መቱ ወሰድናቸው። ዝናብ ነበር። ጉድጓዶቹ በሙሉ በቦታቸው አሉ፤ አንዱም አልቀረም። ላንድሮቨሯ ትገባለች፣ ትወጣለች፤ የሚሰማው የሞተሯና የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነው። «ኡፍ» እስኪመጣ ጠበቅን። ምንም። ከመካከላችን አንዱ ፈርቶ ዞር ብሎ አየ። አዴ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በዚያ መንገድ ላይ!

ማታ ስንመለስ የመኪናዋን ቁልፍ ለጋሼ ሰጠናቸው። ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጥርሱን ዳሰሱት፣ ከዚያ መልሰው ዘረጉልን። «እናንተ ጋ ይቀመጥ» አሉ። ነጋዴውም እንደገና መጥቶ ነበር አሉ፤ ቡና ጠጥቶ ሄደ።

ላስቲክ ነውና ይህም ያልቃል። የተረፉትን ሁለቱን ቡሾች በጋዜጣ ጠቅልለን፣ ፀሐይ እንዳይነካቸው ዶርማችን ውስጥ በሣጥን ሥር አስቀምጠናቸዋል። በበጋው፣ ቡና ከመሰብሰቡ በፊት፣ ቡሎኖቹን እንደገና እናያቸዋለን፤ ጎማዋ መሬት ላይ እንዳለ።